የአኳሪየም ፊልተር እንዴት ይታጠባል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቤታቸው፣ በካፌያቸው ወይም በሱቃቸው ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች በየጊዜው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ጨው ለሌለው ውሃ ገንዳ ነው የሚሠሩት፤ ለጎልድፊሽ፣ ለጋፒ፣ ለሞሊና ለመሳሰሉት። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዝልን፦ ፊልተር የሚታጠበው ውሃ እንዲያሳልፍ እንጂ እንዲነጣ አይደለም።

ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቤ አሳምሬ መለስኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ምን ሆነው ነው?

ከቆሻሻው ጋር የፊልተሩ ሠራተኞች የሆኑት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ስለታጠቡ ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። አሞኒያና ናይትራይት በጥቂቱም ቢሆን ለዓሣ መርዝ ናቸው። ናይትሬት ግን በየጊዜው ውሃ እየቀየሩ የሚቻል ነገር ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን ነገር ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጁን በጣትዎ ሲነኩት የሚያሟልጭዎት ቡናማ ነገር መኖሪያቸው ነው።

የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የሚታከመው ጀርም እንዲገድል ነው፤ ክሎሪን ደግሞ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ባክቴሪያው ሲሞት አሞኒያው ይጠራቀማል፤ የዓሦቹ ስንጥብ ይቃጠላል፤ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ።

አሁኑኑ የገንዳውን ውሃ ሩብ ያህል ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ይቀይሩ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይድገሙት። ምግብ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ያቁሙ፤ ጤነኛና ያደገ ዓሣ በዚህ አይጎዳም። የአየር ፓምፕ ካለዎት ይጨምሩ። ፊልተሩን ግን ለጊዜው ዳግመኛ እንዳይነኩት።

ታዲያ በምን ልጠበው?

ከዚያው ከገንዳው በወጣ ውሃ። ውሃ ሲቀይሩ የሚወጣውን አይድፉት፤ ሳፋ ላይ ያቆዩት።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ስፖንጁን ከፊልተሩ ሲያወጡ ዝቃጩ ገንዳው ውስጥ እንዳይዘረገፍ ከሥሩ ሳህን ወይም ፌስታል ያስጠጉ። ሳፋው ውስጥ ነክረው በመዳፍዎ ሦስት አራት ጊዜ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉት። በመጀመሪያው ጭምቅ ወፍራም ቡናማ ነገር ይወጣና ሳፋው ሥሩ እስከማይታይ ይደፈርሳል፤ ቀጥሎ እየሳሳ ይሄዳል። መሳሳት ሲጀምር ያቁሙ። ስፖንጁ ያኔም ቡናማ ነው፤ መሆንም አለበት። እንደ ልብስ አይጠምዝዙት፣ በብሩሽም አይፈግፍጉት።

ባክቴሪያ እንዲሰፍርባቸው ፊልተሩ ውስጥ የሚገቡት የሴራሚክ ቀለበቶች ከዚህም ያነሰ ነው የሚፈልጉት፤ ከነመረባቸው ሳፋው ውስጥ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ነጩ ጥጥ መሰል ንጣፍ ግን ሌላ ነው። ሥራው ደቃቅ ቆሻሻ መያዝ ስለሆነ ተለቅልቆ ጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ሲጨማደድና ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ይጣላል። ለእሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማጠብ ግን ክልክል ነው ብለው ይያዙት። ስፖንጁ ዛሬ ከታጠበ ቀለበቶቹ ከ2 ሳምንት በኋላ ይሁኑ። ሁለት ስፖንጅ ካለ በየተራ። በዚያው ቀን ጠጠሩን መቆፈርም ይቅር፤ እዚያም ባክቴሪያ አለ።

በየስንት ጊዜው ነው የሚታጠበው?

የውሃውን አወጣጥ ይዩ እንጂ ቀን አይቁጠሩ። ከፊልተሩ የሚወጣው ውሃ ኃይሉ ሲቀንስ ጊዜው ደርሷል። ብዙ ጊዜ ስፖንጅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ቀለበት ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል። ጎልድፊሽ ያለበት ገንዳ ቶሎ ቶሎ ይደፍናል፤ ጎልድፊሽ በላተኛ ነውና።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በሮቶ ወይም በጀሪካን ያጠራቀምነው ውሃ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ውሃው እንዴት እንደቆየ ይለያል። ክሎሪን የሚበነው ከውሃው ገጽ ነው። አፉ በሰፋ ባልዲ ወይም ሳፋ ክፍት ሆኖ ቢያንስ 24 ሰዓት ከቆየ ይወጣለታል፤ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ አረፋ የሚያወጣው) ከተጨመረበት ይፈጥናል። ክዳኑ ግጥም ባለ ጀሪካን ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ «ከትናንት ወዲያ የቀዳሁት ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሮቶም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ውሃ ከገባበት ማታ ላይ እንደ ቧንቧ ውሃ ይቁጠሩት።

ለመጠጥ ብለው ውሃ አጋር ያደረጉበትን ጀሪካን ለዓሣ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ውሃ አጋር ራሱ የክሎሪን ውሁድ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ አንዱ ጨምሮበት ሌላው ሳያውቅ ገንዳው ውስጥ ሊገለብጠው ይችላልና።

ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ ወዲያው ይሠራል፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። የቦርከናን ውሃስ ለሚሉ፦ አይሆንም። ከተማ አቋርጦ የመጣ ወንዝ ክሎሪን ባይኖረውም ፍሳሽና ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሐይቅ በጀሪካን የሚመጣ ውሃም ያው ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ፊልተሩን ምን ላድርገው?

እዚህ አገር የፊልተር ትልቁ ጠላት ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ግን በአንድ መስመር ነው የሚያልፉት።

በፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ልክ እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ሞተሩ ሲቆም ውሃው ይቆማል፤ እዚያው ያለውን ኦክስጅን ተጠቅመው ይጨርሱታል። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው፣ ክዳኑ የሚቆለፈው ባለ ቱቦ ፊልተር በዚህ ረገድ የከፋ ነው። ገንዳው ውስጥ የሚንጠለጠለው ትንሽ ፊልተርና በአየር ፓምፕ የሚሠራው ስፖንጅ ዙሪያቸው ክፍት ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማሉ። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ላሉ ሰዎች ምክሬ ግልጽ ነው፦ ውዱን ዝግ ፊልተር ትተው ሁለት የስፖንጅ ፊልተር ይግዙ።

ዝግ ፊልተር ካለዎትና መብራቱ ከ2 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከመሰለዎት ሶኬቱን ነቅለው ይክፈቱት። ስፖንጁንና ቀለበቶቹን አውጥተው በመረብ ወይም በወንፊት ገንዳው ውስጥ፣ ከላይ አካባቢ ያስቀምጧቸው። እርጥብ ሆነው አየር ካገኙ ሌሊቱን ያድራሉ። በየተወሰነ ጊዜ ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ለዓሦቹም አየር ይሰጣል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኙ ደግሞ ዋጋውን አይቆጩበትም።

ሳይከፍቱት ለብዙ ሰዓት ከቆየስ? እንግዲያውስ መብራት እንደመጣ ሳያዩት እንዳይነሳ ያድርጉት። ቤት ሳይኖሩ መብራት ቢመጣ ሞተሩ በራሱ ተነስቶ ውስጡ የሞተውን ሁሉ ገንዳው ላይ ይተፋዋል፤ ሲወጡ ሶኬቱን መንቀል የሚበጀው ለዚህ ነው። ከፍተው ያሽትቱት። የአፈር ሽታ ከሆነ ደህና ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ኦክስጅን አልቆ መመረዝ ጀምሯል፤ ውስጡ ያለውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ሳያስገቡ ይድፉት፤ ሁሉንም በገንዳ ውሃ ደጋግመው አለቅልቀው ይመልሱ። ለሳምንት ያህል ምግብ ይቀንሱ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ።

ደሴ ላይ ፊልተር ለመልመድ፣ ማለትም በቂ ባክቴሪያ ለማፍራት፣ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለምን ይዘገያል?

ብርዱ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሀረጎን ወርዶ የሚያውቅ ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ባክቴሪያዎቹ ደስ የሚላቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 18 ዲግሪ አካባቢ የመራቢያ ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። አዲስ ፊልተር ሞቅ ባለ ውሃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጅበት ከሆነ፣ ማሞቂያ በሌለው የደሴ ገንዳ ከዚያ ያልፋል። ብርዱ ብቻውን አይገድላቸውም፤ ያዘገያቸዋል እንጂ። ስለዚህ ደሴ ላይ አብዝቶ ማጠብ የበለጠ ያስከፍላል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ደሴ ላይ ያው ውሃ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። የደፈነ ስፖንጅ ወይም የቆመ ሞተር እዚህ ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ሰው ሳያውቅ ፊልተሩን በላርጎ አጠበው። ይጣል?

ቀለበቱና ፕላስቲኩ ይተርፋሉ፤ ስፖንጁ ግን ያጠራጥራል። ሳሙና ስፖንጅ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ጥቂቱም የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። በብዙ ውሃ ደጋግመው ይጨምቁት፣ ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቀው ይዩት። አረፋ ከያዘ ወይም ሽታው ካለ ይጣሉት፤ ስፖንጅ ከዓሣ አይበልጥም። ኦሞ ከነሽቶው ስለሆነ የባሰ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልተሩ ባክቴሪያ የሌለው እንደ አዲስ ዕቃ መሆኑን አይርሱ።

ጥቁሩን ካርበን አጥቤ ወይም ቀቅዬ መልሼ ልጠቀምበት? የቤት ከሰልስ ይተካዋል?

ካርበኑ አይታደስም። አክቲቬትድ ካርበን ቀለም፣ ሽታና መድኃኒት የሚይዘው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞላሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሚታደሰው በእንፋሎት፣ ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው፤ በድስት የሚሆን ነገር አይደለም። ከሞላ በኋላ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም፤ ባክቴሪያ የሚኖርበት ተራ ጠጠር ይሆናል ማለት ነው።

የምድጃ ከሰል በዚያ መንገድ ስላልተሠራ አይተካውም፤ አመዱም የውሃውን ጠባይ ይለውጣል። ደግሞስ አብዛኛው ገንዳ ካርበን አያስፈልገውም። የሚፈለገው ዓሣ ታሞ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ የተረፈውን ለማውጣት ነው። መድኃኒት እየተሰጠ ሳለ ግን ይውጣ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱን ራሱ ይመጠዋል።

አሞኒያ የሚይዘው ዜኦላይት የሚባለው የማዕድን ጠጠርስ?

እሱ ይታደሳል። አሞኒያ የሚይዘው በአዮን ልውውጥ፣ ሶዲየም ሰጥቶ አሞኒያ በመውሰድ ስለሆነ በሊትር 50 ግራም ያህል ጨው በሟሟበት ውሃ ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፉትና በደንብ ያለቅልቁት። የአፍዴራ ጨው ይበቃል፤ ልዩ ጨው አይፈልግም። በዚሁ ምክንያት ዜኦላይት ያለበት ገንዳ ውስጥ ለሕክምና ጨው አይጨመርም፤ የያዘውን አሞኒያ ይለቀዋል።

የሴራሚክ ቀለበት አጣሁ። በሬድ አሽ መተካት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ጥሩ ምትክ ነው። ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ለባክቴሪያ ሰፊ ገጽ ይሰጣል። ሲሚንቶ የነካው የግንባታ ክምር ላይ አይልቀሙ፤ ሲሚንቶ ውሃውን በጣም አልካሊ ያደርገዋል። ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ይምረጡ፤ ቀይ አቧራው እስኪጠራ ይጠቡት፤ በዚህ ጊዜ ገና ባክቴሪያ ስለሌለበት የቧንቧ ውሃ ይሆናል። አንድ ሁለቱ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ይተዉት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ጥደው ያፍሉት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ከሰል ላይ እንዳይጥሉት፤ ውስጡ የተያዘ እርጥበት ሲተን ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል።

ያገለገለ ፊልተር ገዛሁ። የነበረበት ገንዳ ዓሣ ሞቶበታል ይባላል።

እዚህ ላይ ብቻ ነው ባክቴሪያውን መግደል የሚፈለገው። የደከመ ስፖንጅ ከሆነ ይጣሉት። ለቀለበቱና ለፕላስቲኩ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ አድርገው ለ15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ከዚያ ደጋግመው አለቅልቀው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ከመደበኛው መጠን በርከት አድርገው በጨመሩበት ውሃ ያቆዩት፤ በመጨረሻ የበረኪና ሽታ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ቀለበቱ ቀዳዳ ስላለው ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር አይገናኝ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በር ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ ልጆች አርቀው ይሥሩ።

አዲስ ፊልተር ልጀምር ነው። ወይም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቤት ልቀይር ነው። አሮጌውን እንዴት ልጠቀምበት?

አሮጌው ስፖንጅ ለአዲሱ እርሾ ነው። አዲሱን ፊልተር ከአሮጌው ጎን ለጎን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢያሠሩ ብቻውን ለመሥራት ይበቃል። መቸኮል ካለ ከአሮጌው ስፖንጅ ግማሹን ቆርጠው አዲሱ ውስጥ ይክተቱ፤ ዓሣውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ከሰው ሲወስዱ ጤናማ ገንዳ መሆኑን ይጠይቁ፤ በሽታም አብሮ ይመጣልና።

ለጉዞ ስፖንጁንና ቀለበቱን ከውሃ አውጥተው እርጥብ እንዳሉ ፌስታል ወይም ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ፣ አየር በብዛት ትተው ይያዙ። ውሃ ሞልተው ቢዘጉት እንደ መብራት መጥፋቱ ያፍነዋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ አያግኘው። ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ፊልተሩን ይግጠሙ፤ ሶፋው ይደርሳል።

ገንዳውን ለወራት የሚያቆሙ ከሆነ ደግሞ ፊልተሩን አጥበው አድርቀው ያስቀምጡት። ባክቴሪያው ይሞታል፤ ዕቃው ግን ይቆያል።

ሞተሩ ይንጫጫል፣ ውሃም አይገፋም።

ብዙ ጊዜ ማግኔት ያለው ማሽከርከሪያው ነው። ሶኬቱን ነቅለው ያውጡት፤ የተጠመጠመ የተክል ክር ወይም ነጭ የውሃ ቅርፊት ያገኛሉ። ቅርፊቱን አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያንሱት። አቼቶ ስፖንጁን እንዳይነካው። ኤክስቴንሽኑ ከገንዳው ሥር መሬት ላይ ካለ ከፍ ያድርጉት፤ ውሃ በገመዱ ተንሸራቶ እንዳይገባበት ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ የሚመለስ ይሁን።

ሻጩ «ካርትሪጁን (ካርበን የያዘውን የጨርቅ ማጣሪያ) በየወሩ ቀይሩ» አለኝ። ግዴታ ነው?

የለም። በየወሩ መጣል ማለት በየወሩ ባክቴሪያውን መጣል ማለት ነው፤ ትርፉ ለሻጩ ነው። ከላይ በምላጭ ሰንጥቀው ካርበኑን ያፍስሱ፤ ጨርቁን በገንዳ ውሃ እያለቀለቁ እስኪተረተር ይጠቀሙበት። ከጎኑ ቦታ ካለ በልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ይጨምሩ። የተለመደ ስፖንጅ ለዓመታት ያገለግላል፤ ተጨምቆ ሲለቀቅ ወደ ቦታው መመለስ ሲያቅተው ያን ጊዜ ይቀየራል።

ለሰው ጤና የሚያሰጋ ነገር አለው?

ትንሽ ጥንቃቄ ይበቃል። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል የዓሣ ባክቴሪያ በቆሰለ እጅ ገብቶ ቶሎ የማይድን የቆዳ እብጠት ያመጣል። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ። ካጠቡ በኋላ ቀስ ብሎ እየከረመ የሚሄድ እብጠት ካዩ ሐኪሙን «ዓሣ አሳድጋለሁ» ይበሉት፤ ካልነገሩት አያስበውም። ውሃውን በቱቦ ሲያወጡ በአፍ አይሳቡ፤ ቱቦውን ገንዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው ውሃ ከሞላ በኋላ አንዱን ጫፍ በጣት ዘግቶ ማውጣት ይበቃል። ሳፋው ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን፤ የሽሮ ድስት ከሚታጠብበት ማጠቢያ ይራቅ።

እጣቢውን የት ልድፋው?

ጓሮ ላይ ወይም ለጤና አዳሙ። ናይትሬትና ፎስፌት ስላለበት ተክል ይወደዋል። መድኃኒት ወይም ጨው የተጨመረበት ከሆነ ግን ተክል ላይ አይሆንም፤ ወደ ሽንት ቤት ይሂድ።